ኋላው እንዳይቀድም፦ አባባ ኦይቻን ከጨንቻ ያወረድንበት መንገድ

ሐሙስ፣ ንጋት፤ አዲስ አበባ

ከጀሞ ስንወጣ ሰማዩ ገና አልለየም። አለም ገና ላይ ወደ ግራ ታጥፈን የቡታጅራን መንገድ ስንይዝ የነቁት ወተት ጫኞችና የቁርስ ቤት ምድጃዎች ብቻ ናቸው። መሪው በእኔ እጅ ነው። ባለቤቴ ታምራት ጎኔ ተቀምጦ ዳቦ በሙዝ ይበላል።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ ሰው መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ለማታውቁኝ፦ ስሜ ሰላም ነው፤ ጠዋት ጠዋት በጀማሪ ክላች ስነቀነቅ የምውል ሴት ነኝ። በዚህ ጉዞ ግን የምጽፈው ስለ ተማሪዎቼ አይደለም። የባለቤቴን አባት፣ አባባ ኦይቻን፣ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ለማውረድ ነው የምንሄደው። የታምራት ታናሽ እህት ምሕረት ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች።

ከጨንቻ አርባ ምንጭ ቅርብ ነው፤ ያን ያህል መንገድ ለማውረድ ከአዲስ አበባ መነሣት ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። አባባ መኪና አይሳፈሩም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ምሕረት ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ እሳቸውና ባለቤታቸው የሚሸጥ ቡልኮና ጋቢ ይዘው በፒክአፕ ወደ ገበያ ሲወርዱ መኪናው ተገለበጠ። የታምራት እናት እዚያው አረፉ። አባባ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሄዱት በእግራቸው ወይም በፈረስ ነው። ለእኛ ሠርግ እንኳ ራሳቸው የሸመኑትን ጋቢ ላኩ እንጂ አልመጡም። ዘንድሮ ደግሞ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል።

ሐሙስ፣ ከሰዓት፤ ከሶዶ ወደ ታች

ሆሳዕና ላይ ሽሮ በልተን፣ ሶዶን አልፈን ቁልቁል እየወረድን ነው። ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ሹራባችንን አውልቀን ወደ ኋላ ወረወርን። ምዕራብ አባያ ላይ ማንጎ የጫኑ ጋሪዎች፣ ሙዝ በዘለላው የሰቀሉ ዳሶች፣ መሐል አስፋልት ላይ የተኙ በሬዎች። በሬዎቹ ክላክስ አያስነሳቸውም፤ የሚያስነሳቸው የራሳቸው ፈቃድ ነው። በግራ በኩል የአባያ ሐይቅ ሻይ በወተት መስሎ ተዘርግቷል።

መኪናችን ከዱባይ አገልግላ የመጣች፣ ከፍ ያለች ናት። ዳሽቦርዷ ላይ አንዲት ቢጫ ምልክት አለች፦ ትንሽ መኪና፣ ከሥሯ ሁለት የተጣመሙ መስመሮች። የሸጠን ደላላ “እሷ የጎማ ናት፣ ብልጭ ካለች ዝም በሏት” ብሎን ነበር። የጎማ አይደለችም። መኪናዋ ስትንሸራተት ሚዛኗን የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ ሥራ ላይ መሆኑን የምትናገር ናት። በከተማችን ይህ መቆጣጠሪያ ያላቸው መኪናዎች እየበዙ ነው፤ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሹፌር ግን ጥቂት ነው።

“አባባን በምን ልታሳምኛቸው ነው?” አለ ታምራት።

“በእሷ።” ምልክቷ ያለችበትን ቦታ ነካሁለት።

ሳቀ። “አባባ የመኪናን ነገር በዓይናቸው ካላዩ በአፍ አይቀበሉም።”

“እንግዲያው በዓይናቸው ያያሉ።”

ሐሙስ፣ አመሻሽ፤ ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ

ባጃጅ እንደ ንብ ይርመሰመሳል። ምሕረት አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ጠበቀችን፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ብዙ ቆየች። ከጫሞ ሐይቅ የመጣ ዓሣ ጥብስ አዘዝን፤ ከነጭንቅላቱ በሚያቃጥል ዳጣ ቀረበ። ታምራት ዳጣውን ሳይሳሳ ሲያጠቅስ እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

“አባባ በፈረስ እመጣለሁ ብለውሻል አሉ?” አላት ታምራት።

“ብሏል። ባለፈው እሑድ ግን ከቸርች ሲወጣ ሰዎች ፈረሱ ላይ ሊያወጡት ሞክረው አቅቶታል። ጉልበቱ አልታጠፍለት አለ። ለእኔ አልነገረኝም፤ ከጎረቤት ነው የሰማሁት።” ዓሣውን መፈልፈሏን ቀጠለች። “እኔ እንዲህ ነው የማስበው፣ ሰላሜ። ለአራት ዓመት በዚያ መንገድ በሚኒባስ ተመላልሻለሁ። በየመታጠፊያው ‘እናቴ እዚህ ይሆን የሞተችው?’ እላለሁ። አባባን ጠይቄው አያውቅም። እሱም አይናገርም። አንድ ጊዜ እንኳ በዚያ መንገድ አብሮኝ ቢወርድ...”

አልጨረሰችውም። ዓሣውን ወደ እሷ አስጠጋሁላት።

ዓርብ፣ ረፋድ፤ ዳገቱ

ከዋናው አስፋልት በጨንቻ መገንጠያ ታጥፈን ሽቅብ ጀመርን። ሙቀቱ በየመታጠፊያው ይቀንሳል። የሙዝ ተክል ቀርቶ ቀርከሃ መጣ፤ ቀርከሃው መሐል እንሰት፤ እንሰቱ መሐል ጉም። ሹራባችንን ፈልገን መልሰን ለበስን። ወደ ኋላ ዞር ሲሉ ሁለቱ ሐይቆች ከታች ይታያሉ፤ አንዱ ቡናማ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ መሐላቸው ደን የለበሰ ድልድይ መሳይ ተራራ።

መንገዱ ጠጠርና ቀይ አፈር ነው፤ ሌሊት ዘንቦበታል። ዶርዜ ሳንደርስ አንድ ረግረግ ቦታ ላይ መኪናዋ ጉልበት አጣች። ነዳጅ ስሰጣት አልጎትት አለች። ይህ ብዙ ሹፌር የሚሳሳትበት ስለሆነ ልናገር፦ ጭቃ ውስጥ ጎማ ሲሾር መቆጣጠሪያው “ተንሸራተትን” ብሎ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል። አስፋልት ላይ የሚያድነው ጠባዩ ጭቃ ውስጥ ይይዛችኋል። ለዚህ ነው ማጥፊያ ቁልፍ የተሠራለት። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ጎማዎቹ ጭቃ እየተፉ ፈለቀቁን። ደረቁ ላይ እንደወጣን መልሼ አበራሁት። አጥፍተው መልሰው ማብራቱን የሚረሱ አሉና፣ ይቺን ያዙልኝ።

ዓርብ፣ ከሰዓት፤ ጨንቻ

“ሳሮ! ሳሮ!” አባባ ኦይቻ ከሽመናው ጉድጓድ ሆነው ነው ሰላምታ የሰጡን። መወርወሪያውን አስቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው ተደግፈው ተነሡ። መነሣቱ ጊዜ ፈጀባቸው። ታምራት ሊደግፋቸው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ በዓይናቸው መለሱት።

ቆጮ በጎመንና በዳጣ፣ ከጓሯቸው የተለቀመ ፖም፣ ትኩስ ወተት ቀረበ። አባባ ጸለዩ፤ በላን። አባባ በአማርኛ ሲያወሩ አንዳንዴ እንደ ወንድ “አንተ” ይሉኛል፤ ለምጄዋለሁ፣ ደስም ይለኛል።

“አንተ ነህ የነዳኸው? ከአዲስ አበባ ድረስ?”

“አዎ አባባ። ነገም እርስዎን ይዤ ልወርድ ነው።”

አባባ ፖሙን በቢላዋ ልጠው ሲጨርሱ፣ ቆርጠው ሰጡኝና፣

“ሰላሜ፣ እኔ መኪናውን አልጠላም” አሉ። “ያን ቀን ጭነቱ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሹፌሩ ጎበዝ ልጅ ነው፤ መጠጥ አልቀመሰም። መታጠፊያው ላይ አንድ ጥጃ ገባበት። ፍሬን ያዘ፤ መሪውን መለሰ። ከዚያ ኋላው ቀደመን። ገባህ? የመኪናው ኋላ ፊቱን ቀደመ። ልጁ መሪውን ወዲህ ወዲያ አለ፤ መኪናው አልሰማውም። አሁን ያንተ መኪና፣ ኋላው ቢቀድምስ?”

በሥራዬ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። እንዲህ ጥርት ያለ ጥያቄ ግን አላስታውስም።

“ዛሬ የምነግርዎ እሱን ነው” አልኩ። “ይቺ መኪና መሪው ወዴት እንደዞረ ታውቃለች። ራሷም ወዴት እየዞረች እንደሆነ ታውቃለች። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ እኔ ወደ ቀኝ እያልኳት ኋላዋ ሊቀድም ሲል፣ ከአራቱ ጎማ አንዱን ለይታ ለብቻው ፍሬን ትይዘዋለች። እኔ ይህን በእግሬ ማድረግ አልችልም፤ አንድ ፍሬን ነው ያለኝ፣ እሱም አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው። እሷ ግን አንዱን ብቻ ይዛ ፊቷን ትመልሳለች። እኔ መደንገጤን ሳልጨርስ ሥራዋን ትጨርሳለች።”

“ይህን አየህ?”

“አይቻለሁ። ይምጡ፣ እርስዎም ይዩ።”

የገበያው ሜዳ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፤ ዓርብ ስለሆነ ባዶ ነበር። ሣሩ በዝናብ ርሶ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ታምራት ወሬ ሰምቶ የተሰበሰበውን ሰው ወደ ዳር ገፋው። አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ጃንጥላ ይዘው ከዳር ቆሙ።

በመጀመሪያው ዙር ቁልፉን ጫን ብዬ አቆየሁትና መቆጣጠሪያውን ሙሉ በሙሉ አጠፋሁ። ፍጥነት ያዝኩ፤ ሜዳው መሐል መሪውን በአንድ ጊዜ አጠፍኩ። የመኪናዋ ኋላ ተወረወረ። ዓለም በመስኮቱ ዞረ፤ ስቆም ፊቴ ወደ መጣሁበት ነበር። ሕዝቡ ጮኸ። አባባ አልጮኹም፤ ጃንጥላው ግን ከእጃቸው ወድቋል።

በሁለተኛው ዙር መቆጣጠሪያውን አበራሁ። ያው ሜዳ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው መታጠፍ። ከእግሬ ሥር ‘ትርርር’ የሚል ድምፅ መጣ፤ ቢጫዋ ምልክት ብልጭ ብልጭ አለች፤ መኪናዋ ትንሽ ተንገራግጫ ባልኳት መስመር ዞረች። ምንም ስላልሆነ ሕዝቡ ቅር አለው። “ድገሚው፣ የፊተኛውን!” የሚል ሁሉ ነበር።

አባባ ቀስ ብለው መጡ። ጎማውን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉ።

“የማይችለው ምንድን ነው?” አሉ።

“ብዙ ነው፣ አባባ። ከበረርኩ አያድነኝም። ጎማው ያለቀ ከሆነ አያድነኝም። የሚይዘው መሬት ከሌለ የሚያደርገው የለም። ሹፌሩን ይረዳል እንጂ ሹፌር አይሆንም።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “ያ ልጅ ‘አትፍሩ፣ ምንም አይሆንም’ ነበር ያለን። አንተ የማይችለውን ነገርከኝ።” ጃንጥላቸውን ከታምራት ተቀብለው ወደ ቤት አቀኑ። ጥቂት ሄደው ዞር አሉ። “ከኋላ እቀመጣለሁ። በሩን እንዳትቆልፉብኝ።”

ቅዳሜ፣ ንጋት፤ ቁልቁለቱ

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል። አባባ ወፍራም ካፖርት፣ ከላዩ ነጭ ጋቢ ለብሰው ከኋላ ተቀመጡ። ቀበቶውን ታምራት አሰረላቸው። በሩን አልቆለፍንም። ወዲያው በጋሞኛ መጸለይ ጀመሩ፤ ዶርዜን እስክናልፍ አላቋረጡም።

በዝቅተኛ ማርሽ ነው የምወርደው። ፍጥነቴ ከሠላሳ አይበልጥም። ግራው ገደል ነው፤ በጉሙ ምክንያት ገደል መሆኑ አይታይም፣ ነጭ ብቻ ነው። ከዶርዜ በታች ማዶው የማይታይ አንድ መታጠፊያ ገባሁ። ክላክስ አደረግሁ። ከጉሙ ውስጥ ፊት ለፊቴ ሴቶች ወጡ። ለቅዳሜ ገበያ ቀርከሃ በጀርባቸው ተሸክመው ሽቅብ የሚመጡ፣ ከወገባቸው የጎበጡ ሴቶች። ቀርከሃው መንገዱን ከሞላ ጎደል አጥሮታል። ጎንበስ ስላሉ አላዩኝም።

ፍሬን ያዝኩ፤ በስተቀኝ፣ በግድግዳው በኩል ያለችውን ክፍተት አይቼ መሪውን ወደዚያ አጠፍኩ። መሬቱ ከሥሬ ጠፋ። ወገቤ ላይ ተሰማኝ፤ ሹፌር የሆነ ሁሉ ያንን ስሜት ያውቀዋል፣ የመኪናው ኋላ ወደ ግራ፣ ወደዚያ ነጭ ነገር መሄድ ሲጀምር። አባባ ከኋላ አንድ ቃል በጋሞኛ ጮኹ።

ትርርር። ፔዳሉ እግሬን መታኝ። ቢጫዋ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። አንድ ነገር መኪናዋን ከፊት ግራ ጥግ የያዛት መሰለኝ፤ የሄደው ኋላ ተመለሰ። እኔ ያደረግሁት መሪውን ወደምፈልገው ቦታ ይዤ መጠበቅና ፍሬኑን አለመልቀቅ ብቻ ነው። ለተማሪዎቼ የምነግራቸውም ይህንኑ ነው፤ ዓይናችሁ ወደምትሄዱበት፣ መሪውም ወደዚያው፤ ሌላውን ለእሷ ተዉላት። በግድግዳውና በመጀመሪያዋ ሴት መሐል አልፈን ቆምን። የቀርከሃው ጫፍ መስተዋቴን ጠረገው። አልሰበረውም።

ሞተሩን አጠፋሁ። እጄ መሪው ላይ ቀረ። ከዚያ የኋላው በር ሲከፈት ሰማሁ።

አባባ ወርደዋል። ታምራት ሊከተላቸው ሲል ክንዱን ያዝኩት። “ተዋቸው።” መሄድ ከፈለጉ መብታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ባይችልም መብታቸው ነው። ልቤ ግን ምሕረት ዘንድ ነበር። ጋውኗን ለብሳ በር በሩን እያየች ይሆናል።

አባባ ወደ ሴቶቹ ሄዱ። ሸክማቸውን አውርደው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል፤ አንዷ ደረቷን ይዛ ትስቃለች፣ የድንጋጤ ሳቅ። አባባ አንድ በአንድ ትከሻቸውን እየነኩ ሰላም አሏቸው፤ ደኅና መሆናቸውን በዓይናቸው አረጋገጡ። ከዚያ ተመልሰው መንገዱ መሐል ቆሙና ወደ መሬት ጎንበስ አሉ። ወርጄ አጠገባቸው ሄድኩ።

ጎማው ጭቃው ላይ የጻፈው ይታያል። የኋላው ጎማ መስመር ከፊተኛው ተለይቶ ወደ ገደሉ ይሄዳል፤ ክንድ የሚያህል፣ ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ። ከዚያ ይታጠፍና ተመልሶ ይገባል። አባባ በከዘራቸው ጫፍ መስመሩን ተከትለው እስከ መጨረሻው ሄዱ። ከመስመሩ እስከ ገደሉ አፍ ያለውንም አዩት።

“ሊቀድመን ነበር” አሉ።

“አዎ አባባ።”

“ተመለሰ።”

“ተመለሰ።”

ጭቃውን ትንሽ አዩት። እኔ ግን ዓይኔን ከገደሉ አፍ ላይ መንቀል አቃተኝ። አባባ አይተውኝ ክንዴን ያዙ፤ እኔ ልደግፋቸው የሄድኩት ሰውዬ ደግፈው ወደ መኪናው መለሱኝ።

“ታምራት፣ አንተ ከኋላ ግባ” አሉ። “እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። መንገዱን አያለሁ፤ ሰው ሲመጣ ለሰላሜ እነግረዋለሁ።”

እንዳሉትም ነገሩኝ። እስከ አስፋልቱ ድረስ “ሰው አለ”፣ “አህያ”፣ “ቀስ፣ ቀስ” እያሉ ወረድን። ግማሹን እኔ ቀድሜ አይቼዋለሁ። አንዱንም ግን “አይቻለሁ” አላልኩም።

ቅዳሜ፣ ቀትር፤ አርባ ምንጭ

ግቢው በጃንጥላ፣ በአበባ እቅፍና በፎቶ አንሺ ተሞልቷል። ከወላይታ፣ ከኮንሶ፣ ከሰሜን የመጡ ቤተሰቦች የየራሳቸውን ቋንቋ ይዘው ጥላ ይሻማሉ። የአባባ ካፖርት በዚህ ሙቀት ለብቻው ይታያል፤ አላወልቅም አሉ።

ምሕረት ከሰልፉ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ወንድሟን ነው። ከዚያ አባቷን አየች። ቆቡን በእጇ ይዛ ቆመች።

“በምን መጣህ፣ አባባ?”

“በመኪና።”

ወደ እኔ ዞረች፤ እውነት መሆኑን ፊቴ ላይ አነበበችና በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ተቀምጣ አለቀሰች። አባባ ጎንበስ ማለት ስላልቻሉ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው ቆሙ። ፎቶ አንሺው “ትንሽ ሳቅ በሉ” ይላል። የሰማው የለም።

እሑድ፣ ከሰዓት፤ ወደ ጨንቻ

ጨንቻ ያሉት ጎረቤቶች ምሕረትን በጋውኗ ማየት ስለሚፈልጉ ለብሳው ነው የምትጓዘው። ጉሙ ተገፏል፤ ፀሐይ መንገዱን አድርቃለች፤ ሐይቆቹ ከኋላችን ወደ ታች እየራቁ ይሄዳሉ። አባባ ከፊት ናቸው። ምሕረትና ታምራት ከኋላ ፖም እየተካፈሉ ይበላሉ።

የቅዳሜውን ቦታ ሳንደርስ፣ ገና ከሥሩ ባለው ሁለተኛ መታጠፊያ ላይ አባባ እጃቸውን አነሡ።

“እዚህ አቁም።”

ዳር ይዤ አቆምኩ። ቦታው ምንም የለውም። አንድ ዋርካ፣ ጥቂት ድንጋይ፣ ከታች የሰው ማሳ። አባባ ወረዱ። ወደ መኪናው ዞረው “ምሕረት፣ ነይ” አሉ።

ፖሙ በእጇ እንዳለ ወረደች። እኔና ታምራት ከመኪናው አልራቅንም። ታምራት በወጣትነቱ የእናቱ አስከሬን ሲነሣ እዚህ ቆሞ ነበር፤ እሱም ከዚያ ወዲህ በሚኒባስ ሲያልፍ ዓይኑን ይጨፍን እንደነበር ያን ጊዜ ነገረኝ።

“እዚህ ነው” አሉ አባባ። በከዘራቸው ከዋርካው በታች ያለውን ቁልቁለት አሳዩአት። “እኔን እዚያ ጣለኝ። እናትሽን እዚያ።”

ምሕረት ብዙ አየችው። “በዚህ ስንት ጊዜ አለፍኩ” አለች። “እኔ ላይኛው፣ ሰፊው መታጠፊያ ይመስለኝ ነበር።”

“አይደለም። እዚህ ነው።”

ወደ ጠርዙ ልትጠጋ አንድ እርምጃ ሄደች። “የልብስሽን ጫፍ ያዢ፣ ዳሩ ገና ጭቃ ነው” አሏት። የጋውኗን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ ያዘች። ጎን ለጎን ቆሙ። ከዚያ አባባ ከራሳቸው ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ጠረጴዛ ማዶ ያለ ሰው እንደሚያናግሩ ሆነው፣ ወደ ቁልቁለቱ አንድ ነገር በጋሞኛ ተናገሩ።

ታምራት በጆሮዬ ተረጎመልኝ። “‘ይቺ ምሕረት ናት፤ ትምህርቷን ጨርሳለች’ ነው የሚሏት።”